የአባቴ ጠመንጃ፦ ይቀመጥ ወይስ ይሸጥ?

አባታችን ካረፉ በኋላ ከተውልን ንብረት መካከል መጻሕፍታቸው፣ የቤት ዕቃቸውና የእጅ መሣሪያዎቻቸው ያለ ብዙ ክርክር ተከፋፍለው ባለቤት አግኝተዋል። ውሳኔ ሳያገኝ የቆየው ጠመንጃቸው ብቻ ነው። ታናሽ ወንድሜ ተሽጦ ገንዘቡን ሦስታችን እንድንካፈል ሐሳብ አቀረበ፤ እኔ «የአባት ጠመንጃ አይሸጥም» የሚለውን ወገን ያዝኩ፤ እኅታችን ደግሞ ሁለታችንንም ሰምታ ለጊዜው ዝም አለች። ክርክሩ ሲጀመር የገንዘብና የትዝታ ጠብ ይመስል ነበር፤ ጠመንጃውን በቅርብ እየመረመርን፣ ሕጉን እየጠየቅንና ባለሙያ እያማከርን ስንሄድ ግን ገንዘቡም ትዝታውም ዋናውን ጥያቄ እንደማይመልሱ እየታየን መጣ። እንዲህ ያለ ውርስ እጁ ላይ የወደቀ ሰው ጥቂት አይደለምና እኛ የሄድንበትን መንገድ በጽሑፍ ማስፈሩ ይጠቅማል ብዬ አስቤአለሁ።

በመጀመሪያ ጠመንጃ ከሌላው ውርስ የሚለይበትን ነገር መናገር ያስፈልጋል። የሟች የእጅ ሰዓት በመሳቢያ ውስጥ ሃያ ዓመት ቢረሳ ማንንም አይጎዳም፣ ማንም ባለሥልጣንም የት እንዳለ አይጠይቅም። ጠመንጃ ግን ሲረሳ ይበልጥ አደገኛ የሚሆን ዕቃ ነው፤ የት እንዳለ፣ በማን እጅ እንዳለ፣ ጎርሶ ይሁን ባዶውን የሚያውቅ አንድ ሰው ሁልጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ «እስክንወስን ድረስ ባለበት ይቀመጥ» የሚለው፣ ሐዘን ላይ ያለ ቤተሰብ ሁሉ የሚቀናው መልስ፣ ለጠመንጃ ሲሆን ራሱ አንድ ውሳኔ ነው፤ ያውም ኃላፊ የሌለው ውሳኔ።

ከክርክሩ በፊት መሠራት ያለበት ሥራ አለ፤ እሱም ጠመንጃው ባዶ መሆኑን ማረጋገጥ ነው። ሟቹ የቱንም ያህል ጠንቃቃ ሰው ቢሆኑ «እርሳቸው ጎርሶ አያስቀምጡም» የሚለው እምነት ማረጋገጫ አይሆንም። አፈሙዙ ሰው ወደሌለበት አቅጣጫ ዞሮ፣ ጣት ከምላጩ ርቆ፣ መቀርቀሪያው እስከ መጨረሻው ተስቦ፣ የጥይት ካዝናውም ጥይት የሚጎርስበት ክፍልም በዓይን ከታየ በኋላ በጣት ጭምር ይዳሰሳል። ይህን አድርጎ የማያውቅ ሰው መሞከር የለበትም፤ የሚያውቅ ሰው ወይም ፖሊስ መጥራት አያሳፍርም። በእኛ ቤት ይህን የሠራችው እኅቴ ናት፤ ከሦስታችን የዒላማ ተኩስ የተማረችና ፈቃድ ያላት እርሷ ብቻ ነበረችና። መቀርቀሪያውን አውጥታ ለብቻው፣ በሌላ ስፍራ ቆለፈችበት። ከጠመንጃው ጋር በቆርቆሮ ሣጥን የተገኙትን አሮጌ ጥይቶች ደግሞ ማናችንም ለመጠቀም አላሰብንም፤ ቀለሃቸው አረንጓዴ ዝገት አውጥቶ ነበር፣ ስንት ዘመን እንደቆዩም የሚነግረን አልነበረም። እንዲህ ያለ ጥይት ቆሻሻ ላይ አይጣልም፣ እሳት ውስጥም አይጨመርም፤ ለሚመለከተው አካል ይረከባል።

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ «ይህ ጠመንጃ ምንድን ነው?» የሚለው ነው። ቤተሰቡ ሁሉ «የአያታችን ሞዘር» ይለው ስለነበር ስሙን ብቻ ሰምተን አድገናል። በእርግጥም የሞዘር 98 ዝርያ ነው። የጀርመን ጦር ይህን ሞዴል የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ1898 ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ በብዙ አገሮች በፈቃድም ያለ ፈቃድም ተመስሎ ተሠርቷል፤ እስከ ዛሬ የሚሠሩ ብዙ የአደን ጠመንጃዎችም መቀርቀሪያቸውን ከእርሱ የቀዱ ናቸው። መቀርቀሪያው ከፊቱ ሁለት ጠንካራ የመቆለፊያ ጥርሶች፣ ከኋላው ደግሞ ሦስተኛ የመጠባበቂያ ጥርስ አለው፤ ቀለሁን የሚጎትተው ረጅም የብረት ጥፍር ጥይቱን ከካዝናው እንደወጣ አንሥቶ ይይዘዋል፤ ካዝናው በእንጨቱ ውስጥ የተደበቀ ሆኖ አምስት ጥይት ይጎርሳል። በበርሜሉ መግቢያ ዙሪያ ባለው የብረት ቀለበት ላይ የፋብሪካ ምልክትና የተሠራበት ዓመት ይቀረጻል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለጀርመን ጦር የተሠሩት ላይ ግን ፋብሪካው በስሙ ፈንታ የተሰጠውን የፊደል ወይም የቁጥር ኮድ ብቻ ያትም ነበርና ምልክቱን ለማንበብ የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። መለያ ቁጥሩም በአንድ ቦታ ብቻ የተጻፈ አይደለም፤ በዋናው አካል፣ በበርሜሉ፣ በመቀርቀሪያው፣ በትናንሽ ክፍሎቹ ላይ ሳይቀር ይደጋገማል። ቁጥሮቹ ሁሉ አንድ ከሆኑ ጠመንጃው ከፋብሪካ እንደወጣ ሳይቀላቀል ቆይቷል ማለት ነው፤ ሰብሳቢዎችም ከፍ ያለ ዋጋ የሚከፍሉት ለእንዲህ ያለው ነው።

የእኛው ጠመንጃ በዚህ ፈተና ወደቀ። የመቀርቀሪያው ቁጥር ከአካሉ ቁጥር ጋር አይገጥምም። ከዚያም የባሰው፣ አያታችን ከጦር ሠራዊት ትርፍ የተሸጠውን ይህን ጠመንጃ ለአደን እንዲመች ብለው በገዛ እጃቸው ለውጠውታል። እስከ አፈሙዙ ጫፍ የሚደርሰውን የፊት እንጨት አጋማሹ ላይ ቆርጠውታል፤ የሳንጃውን መግጠሚያ አውልቀዋል፤ ቀጥ ብሎ ወደ ጎን ይወጣ የነበረውን የመቀርቀሪያ እጀታ አጉብጠውታል፤ በላዩ ላይም መነጽር ለመግጠም ብረቱን በስተዋል። በሰደፉ ላይ የስማቸው የመጀመሪያ ፊደል በጩቤ ተቀርጿል፤ ከሥሩም አባታችን ልጅ ሳሉ ያከሉት፣ መስመሩን የሳተ ሌላ ፊደል አለ። ከሁለቱ የዓለም ጦርነቶች በኋላ የጦር ሠራዊት ጠመንጃዎች በርካሽ ሲሸጡ በሺህ የሚቆጠሩ አዳኞች ሞዘሩንም፣ የእንግሊዙን ሊ ኤንፊልድም፣ የአሜሪካውን ስፕሪንግፊልድም እንዲሁ አድርገዋል፤ ዛሬ ያልተነካውን የሚፈልጉት ሰብሳቢዎች ሲያዝኑበት ይኖራሉ።

ያማከርነው የጠመንጃ ባለሙያ ዕቃውን አገላብጦ ካየ በኋላ የተናገረው አጭር ነበር። እንጨቱ ባይቆረጥ፣ ብረቱ ባይበሳ፣ ቁጥሩም ቢገጥም ኖሮ ጥሩ ዋጋ ያወጣ ነበር፤ አሁን ግን ገዢ ቢገኝም የሚገዛው ለብረቱ ጥንካሬ ብሎ፣ በርሜሉንና እንጨቱን አውልቆ ሌላ የአደን ጠመንጃ ሊሠራበት ነው። ወንድሜ የጠበቀው ገንዘብ በዚያች ቅጽበት ወደ ትንሽ ድምር ወረደ። እኔ ደግሞ ሌላ ነገር ገረመኝ፤ ባለሙያው እንደ ጉድለት አንድ በአንድ የቆጠራቸው ነገሮች ሁሉ እኛ ጠመንጃውን «የእኛ» የምንልባቸው ነገሮች ናቸው። ያልተነካ ሞዘር በዓለም ላይ በብዛት አለ፤ ያ የተጣመመ ፊደል ያለበት ግን አንድ ብቻ ነው። ገበያው ዋጋ የሚሰጠው ጠመንጃው ከፋብሪካ እንደወጣ መሆኑን ነው፤ ቤተሰብ ዋጋ የሚሰጠው ከፋብሪካ ከወጣ በኋላ የደረሰበትን ነው። እነዚህ ሁለት ሚዛኖች አንዳንዴ ይገናኛሉ፤ ለምሳሌ ጠመንጃው ታዋቂ ሰው ይዞት የነበረ መሆኑ በሰነድ ሲረጋገጥ። በአብዛኛው ግን ተቃራኒ ናቸው። ስለዚህ አንድ ወራሽ «ትዝታ አለበትና ውድ ነው» ብሎ ገበያ ቢወጣ ማዘኑ አይቀርም፤ «ርካሽ ነውና እንጣለው» ቢልም ያንኑ ስሕተት በግልባጩ ይደግመዋል።

ከዚሁ ጋር የተያያዘ አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ለሽያጭም ሆነ ለማስቀመጥ የታሰበ አሮጌ ጠመንጃ መጽዳት ያለበት በልክ ነው። ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያስበው ዝገቱን በአሸዋ ወረቀት ፍቆ፣ እንጨቱን ልጦ፣ በአዲስ ቫርኒሽ ማሳመር ነው። ይህ በጠመንጃ ላይ ከሚፈጸሙ ጥፋቶች የማይመለሰው ነው፤ የፋብሪካው ጥቁር ሰማያዊ ቀለምና የተቀረጹት ምልክቶች አንዴ ከተፋቁ ተመልሰው አይመጡም፣ ገዢም ያየዋል። ቀጭን ዘይት፣ ለስላሳ ጨርቅና ትዕግሥት ለብረቱ ይበቃሉ። እንጨቱን በተልባ ዘይት የሚያሽ ሰው ደግሞ ዘይቱ የነካውን ጨርቅ ጠቅልሎ መጣል የለበትም፤ የተልባ ዘይት ሲደርቅ ስለሚሞቅ የተጨመቀ ጨርቅ በራሱ ጊዜ ሊቀጣጠል ይችላል። የቆዳ ማኅደርም ምንም እንኳ ቢያምር ለረጅም ጊዜ ማስቀመጫ አይሆንም፤ ቆዳው እርጥበት እየሳበ ብረቱን ያዝገዋል። የአባታችን ጠመንጃ በግራ ጎኑ ያለው የዝገት ጥላ የመጣው ከዚሁ ነው።

ይቀመጥ ከተባለ «ይተኮሳል ወይስ አይተኮስም?» የሚለውም መልስ ይፈልጋል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው፣ በሞዘር ባለቤቶች ዘንድ ግን የታወቀ አንድ አደጋ አለ። የጀርመኑ 7.92 ሚሊ ሜትር ጥይት መጀመሪያ የወጣው ስፋቱ ወደ 8.1 ሚሊ ሜትር በሚጠጋ እርሳስ (ከቀለሁ ወጥቶ የሚበረው ክፍል) ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ1900ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት በኋላ ግን ጦሩ ጫፉ ወደ ሾለና 8.2 ሚሊ ሜትር ወደሚሰፋ እርሳስ ተሸጋገረ። የሁለቱ ቀለህ በመልክ ስለሚመሳሰል ሰፊውን ጥይት ለጠባቡ በርሜል የሚያጎርስ ሰው ግፊቱን ከልክ በላይ ያሳድገዋል። ስለዚህ «ሞዘር ነው፣ የሞዘር ጥይት ይበላል» ተብሎ አይተኮስም፤ በርሜሉ ይለካል። መቀርቀሪያው ሲዘጋ በእርሱና በቀለሁ ሥር መካከል የሚቀረው ክፍተትም ለዚሁ በተሠራ መለኪያ ይፈተሻል፤ በተለይ መቀርቀሪያው ከሌላ ጠመንጃ የመጣ ከሆነ፣ እንደ እኛው፣ ይህ ፍተሻ አማራጭ የለውም። ክፍተቱ ከልክ ካለፈ ቀለሁ በተኩስ ጊዜ ሊቀደድና የሚቃጠለው ጋዝ ወደ ተኳሹ ፊት ሊመለስ ይችላል። የበርሜሉ ውስጥ ደግሞ የቀድሞ ጥይቶች ምን እንዳደረጉት ይናገራል። ብዙዎቹ የድሮ የጦር ሠራዊት ጥይቶች ማቀጣጠያቸው ፖታሲየም ክሎሬት ስለነበረበት ከተኩስ በኋላ ጨው ትቶ ይሄዳል፤ ጨውን የሚያጥበው ውኃ እንጂ ዘይት አይደለም፤ በዘይት ብቻ የተወለወለ በርሜል በማግሥቱ ይዝጋል። የእኛው በርሜል ጥቁር ነጠብጣብ ቢኖርበትም ጠመዝማዛ መስመሮቹ ገና አላለቁም፤ ክፍተቱም ተለክቶ በልኩ ተገኘ። ይህ ባለሙያው ከነገረን ሁሉ ብቸኛው ደስ የሚል ዜና ነበር።

ወደ ሕጉ ስመጣ፣ አብዛኛው ወራሽ በቅን ልቡ የሚሳሳተው እዚህ ይመስለኛል። የሟች ፈቃድ ከሟች ጋር ያበቃል፤ ጠመንጃው ይወረሳል እንጂ ፈቃዱ አይወረስም። ዝርዝሩ ከአገር አገር ይለያያል። በጀርመን ወራሽ ውርሱን ከተቀበለ በኋላ በአንድ ወር ውስጥ ማመልከት አለበት፤ አደን ወይም ዒላማ ተኩስን የመሰለ በሕግ የታወቀ ምክንያት ከሌለውም ጠመንጃው በማገጃ መሣሪያ ተቆልፎ እንዲቀመጥ ይገደዳል። በብሪታንያ፣ እ.ኤ.አ. በ1968 በወጣው የጦር መሣሪያ ሕግ መሠረት፣ የውርስ አጣሪ ራሱ ዕቃውን በጊዜያዊነት ለመያዝ የፖሊስ ፈቃድ ያስፈልገዋል። በአሜሪካ የፌዴራሉ ሕግ እ.ኤ.አ. እስከ 1898 የተሠራውን ጠመንጃ በቅርስነት ለይቶ ሲያየው፣ ከዚያ በኋላ የተሠራው ግን እንደ ማንኛውም ጠመንጃ ይቆጠራል፤ ክፍለ ግዛቶቹ ደግሞ የየራሳቸውን ይጨምሩበታል። በኢትዮጵያም ጉዳዩ የሚዳኘው በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነው። በየትም ይሁን በየት አንድ የጋራ ነገር አለ፤ ራስን ቀድሞ ማሳወቅ በሌላ ሰው ጥቆማ ከመገኘት እጅግ የተሻለ ነው፤ ጠመንጃውን በመኪና ጭኖ «ልጠይቅ መጣሁ» ብሎ ወደ ጣቢያ ከመሄድ በፊትም መደወል ይገባል። ወረቀት የሌለው ጠመንጃ በውርስ ውስጥ ከተገኘ የሕግ ባለሙያ ሳያማክሩ መሸጥም ማስተላለፍም አይገባም።

ስለ መሸጡ ብዙ የምለው የለኝም። ፈቃድ ያለው ነጋዴ ወዲያው ይገዛል፤ ግን መልሶ ሸጦ ማትረፍ ስላለበት የሚሰጠው ዋጋ ዝቅ ያለ ነው። በአደራ ሸጦ ኮሚሽን የሚወስድ ነጋዴም አለ፤ ጨረታ ደግሞ ለብርቅ ዕቃ እንጂ ለተቆረጠ የአደን ሞዘር አይሆንም። ዋጋ የሚገምተው ሰውና የሚገዛው ሰው አንድ እንዳይሆኑ መጠንቀቅ ተገቢ ነው። ገዢ ለታሪክ አይከፍልም፤ ለታሪክ ማስረጃ ግን ይከፍላል። ስለዚህ የግዢ ደረሰኝ፣ የአደን ፈቃድ፣ ሟቹ ጠመንጃውን ይዘው የተነሱት ፎቶግራፍ ካለ ከጠመንጃው ጋር አብሮ መቆየት አለበት፤ ቤተሰቡ ሊሸጠው ባያስብም እንኳ።

በመካከል ላይ ያለ የሚመስል ሦስተኛ መንገድም ቀርቦልን ነበር፤ ጠመንጃውን እንዳይተኩስ አድርጎ ግድግዳ ላይ መስቀል። መጀመሪያ ስሰማው ለሁላችንም የሚበጅ መስሎኝ ነበር። አሠራሩን ሳጣራ ግን ልቤ ተመለሰ። ለምሳሌ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ደንብ መሠረት ጠመንጃ አገልግሎት እንዳይሰጥ የሚደረገው ዋና ዋና ክፍሎቹ ሁሉ ተቆርጠው፣ ተበስተውና በብየዳ ተያይዘው ዳግመኛ እንዳይመለሱ ሆነው ነው። ደኅንነቱ የተሟላ ነው፤ ይህን አልክድም። ቤታቸው ውስጥ ማንም ፈቃድ የሌለው፣ ዕቃውን ግን ማጣት የማይፈልጉ ሰዎች ቢመርጡት እረዳቸዋለሁ። በእኔ ዓይን ግን የአያታችንን ጠመንጃ ትክክለኛ ጠመንጃ ያደረገው እየሠራ መቆየቱ ነው፤ ሁለት ትውልድ በዘይት ጠብቆት የኖረውን መቀርቀሪያ በብየዳ ከማሰር ለሚጠቀምበት እንግዳ ሰው መሸጥ ይሻላል። ወንድሜ በዚህ አልተስማማም፤ «እንግዲያውስ የምትወደው ብረቱን ነው» አለኝ። ምናልባት እውነቱን ይሆናል።

ለፖሊስ አስረክቦ ማስወገድም አለ። ጠመንጃው ዝጎ የማይጠገን፣ ሰነድ የሌለው ወይም ክፉ ትዝታ ያለበት ከሆነ ይህ የተከበረ መንገድ ነው፤ አንድ የቤተሰብ አባል በዚያ ጠመንጃ የተጎዳበት ቤት «ቅርስ ነው» ተብሎ ሊገደድ አይገባም። ለሙዚየም መስጠትን ያነሣም ነበር፤ ሙዚየሞች ግን ከዚህ ዓይነት ብዙ ያልተነካ ሞዘር ስላላቸው የተቆረጠውን የሚቀበሉበት ምክንያት የለም።

እስካሁን የተናገርኩት ሁሉ ስለ ዕቃው ነው። ሐሳቤን የቀየረው ግን ዕቃው ሳይሆን የእኔ ቤት ነው። በቤቴ ገና በጉርምስና ዕድሜ ያለ ልጅ አለ። ጠመንጃ ይቀመጥ ብዬ ስከራከር የማስበው እንግዳ ሲመጣ አውርጄ የማሳየውን፣ የአባቴን ታሪክ የምተርክበትን ዕቃ ነበር፤ በሌሊት፣ እኔ በሌለሁበት፣ በቤቱ ውስጥ ስለሚኖረው ጠመንጃ አላሰብኩም። በቤት ውስጥ ጠመንጃ መኖሩ የቤተሰቡ አባላት ራሳቸውን የማጥፋት አደጋን ከፍ እንደሚያደርግ ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል። ምክንያቱም ለመረዳት አያስቸግርም፤ እንዲህ ያለው ሐሳብ ብዙ ጊዜ በድንገት መጥቶ የሚያልፍ ሲሆን፣ ጠመንጃ ግን ለመጸጸቻ ጊዜ አይሰጥም። ስለ ልጄ የተለየ ሥጋት ኖሮኝ አይደለም። ማንም ወላጅ ግን የልጁን የከፋ ቀን አስቀድሞ አያውቅም። ጠመንጃውን በብረት ሣጥን መቆለፍ፣ መቀርቀሪያውን ለይቶ ማስቀመጥ፣ ጥይት ጨርሶ ወደ ቤት አለማስገባት አደጋውን ይቀንሱታል፤ እነዚህን ሁሉ በየዕለቱ በጥንቃቄ የሚጠብቅ ሰው ግን ጠመንጃውን በእርግጥ የሚፈልገው ሰው ነው። እኔ አልተኩስም፣ አላድንም፤ ፈቃድ ለማውጣትም የምሰጠው ምክንያት «የአባቴ ነበር» የሚል ብቻ ነው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቁልፉን የት እንዳደረግኩት የምረሳ ሰው መሆኔን ራሴን አውቃለሁ።

ለምን በእኔ ቤት ይሁን እንዳልኩም መጠየቅ ነበረብኝ። መልሱ ከአባታችን ፈቃድ የመጣ አልነበረም፤ እርሳቸው ስለ ጠመንጃው ምንም ኑዛዜ አልተዉም። በሕይወት ሳሉም ለእኔ አሳይተውኝ የሚያውቁት ለመወልወል ሲያወጡት ነው፤ አደን ከተዉ ብዙ ዘመን ሆኗቸው ነበር። የእኔ ምክንያት የበኩር ወንድ ልጅ መሆኔ ብቻ ነው። ጠመንጃ ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ይሄዳል የሚለው ልማድ ሳንመረምረው በሁላችንም አእምሮ ውስጥ ተቀምጦ ነበር፤ በወንድሜም፣ በእኔም፣ ይመስለኛል በእኅታችንም። ዝም ያለችው ሐሳብ ጠፍቷት አልነበረም። ስንጠይቃት «የሚሸጥ ከሆነ እኔ ልግዛው» አለች። ሁለት ወንድማማቾች ይሸጥ አይሸጥ ብለን ስንከራከር ፈቃድ ያላት፣ የብረት ሣጥኑ ቤቷ ግድግዳ ላይ የተገጠመላት፣ መቀርቀሪያውን በመጀመሪያው ቀን አውጥታ የቆለፈችው እኅታችን በአጠገባችን ተቀምጣ ነበር።

በዚህ ሁኔታ «ይቀመጥ» እና «ይሸጥ» የሚሉት ሁለቱም ቃላት ልካቸው አልሆነም። የተስማማነው በጽሑፍ ነው፤ በቤተሰብ መካከል ወረቀት መጻጻፍ አለመተማመን የሚመስላቸው ሰዎች አሉ፤ እኔ ግን በኋላ ከሚመጣ ቅያሜ ይሻላል ብዬ አምናለሁ፤ ሕጉም ቢሆን ያለ ሰነድ ዝውውር አይቀበልም። ግምቱን ያወጣው ለመግዛት ምንም ፍላጎት የሌለው ባለሙያ ነው። እኅታችን ከዚያ ግምት ለወንድሜና ለእኔ ድርሻችንን ትከፍላለች፤ እኔ የእኔን ለመተው ብፈልግም እርሷ አልተቀበለችም፤ «በነጻ ከሰጠኸኝ ነገ መጥተህ ታዝዝበታለህ» አለች፤ ሳስበው እውነቷን ነው። ዝውውሩ የሚፈጸመው ባለሥልጣኑ ጠመንጃውን በስሟ ሲመዘግብ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ፈቃድ ባለው ነጋዴ ዘንድ በአደራ ተቀምጧል። እንጨቱ አይለወጥም፣ ፊደሎቹ አይነኩም፤ የተቀረውን፣ መነጽር መግጠሙንም ሆነ አሮጌውን ማንገቻ መቀየሩን፣ እርሷ ትወስናለች።

አንድ አንቀጽ ላይ ብቻ ብዙ ተከራክረናል፤ እርሷ አንድ ቀን ተኩስ ብትተው ምን ይሆናል የሚለው ላይ። ወንድሜ ወደ ቤተሰቡ ይመለስ የሚል ሐረግ እንዲገባ ፈልጎ ነበር። እኔና እኅቴ አልተቀበልነውም፤ ወደ ማን ቤት እንደሚመለስ የማይናገር ሐረግ አሁን የወጣንበትን ክርክር ለልጆቻችን ያወርሳል። በመጨረሻ የጻፍነው እንዲህ ይላል፦ በዚያን ጊዜ ከቤተሰቡ መካከል ለአካለ መጠን የደረሰ፣ በራሱ ምክንያት ፈቃድ ያወጣና ማስቀመጫ ያዘጋጀ ሰው ካለ፣ ሴትም ይሁን ወንድ፣ በጊዜው ግምት የመግዛት ቅድሚያ ያገኛል፤ ከሌለ እኅታችን ማንንም ሳታስፈቅድ ለፈለገችው ፈቃድ ላለው ገዢ ትሸጣለች። የአያታችንን የአደን ፎቶግራፍና የግዢውን ደረሰኝ ሦስታችንም ቅጂ ወስደናል፤ ዋናው ከጠመንጃው ጋር ሄዷል። ወንድሜ ድርሻውን በሁለት ጊዜ ክፍያ ለመቀበል ተስማምቶ ፈርሟል።